የጀልባው ጉዞ ሰላም ነበር፣ ጉድ የሠራኝ ሰዓቴ ነው

የባሕር ወፍ ለማየት በጀልባ ከባሕር ዳርቻ ርቃችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ሰው ሁሉ የሚመክራችሁ ስለ ማስመለስ ነው። እኔም የተመከርኩት ያንኑ ነው። ክኒን ያዝ፣ አድማሱን እያየህ ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ። የካሜራህን ሰዓት አስተካክል ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይኼን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ለሥራ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ሄጄ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ሐምሌ ነበር። እዚያ በሐምሌ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አልባትሮስ የሚባሉት ክንፈ ረጃጅም ትላልቅ የባሕር ወፎች በብዛት ከደቡብ የሚመጡት ግን ይኼኔ ነው። ቀን አስያዝኩ። ጉዞው ቅዳሜ ሲሆን እሑድ መጠባበቂያ ነው። ቅዳሜ በነፋስ ተሰረዘ፣ እሑድ ተሳካ። ቅጽ ሞላሁ፣ የሕይወት አድን ጃኬት አጠለቅኩ፣ ከሳይመንስ ታውን ወደብ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በጨለማ ወጣን። ወደ ባሕር የገባውን የምድር ጫፍ፣ ኬፕ ፖይንትን፣ ስናልፍ ነጋ። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ስለ ማስመለሱም ቶሎ ልበልና ልለፈው። ክኒኑን ከዋዜማው ማታ ዋጡት። ጀልባው መወዛወዝ ከጀመረ በኋላ የሚዋጥ ክኒን ተመልሶ ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው። በባዶ ሆድ ሂዱ የሚሉትን አትስሟቸው፤ ደረቅ ዳቦ ብሉ። «ከኋላ ተቀመጡ፣ እዚያ አይናጥም» ይላሉ። እውነት ነው አይናጥም፣ ግን የናፍጣው ጭስ ይጨርሳችኋል። መሀል ላይ ቁሙ። ካሜራ ላይ ያለ ፎቶ አታገላብጡ። እኔ አገላበጥኩ፣ አንዴ አስመለሰኝ፣ አለቀ።

ባሕር ላይ ወፍ እንዲሁ ተበትኖ አይገኝም። ጀልባው 30 የባሕር ማይል ገደማ፣ ማለትም 55 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የባሕሩ ወለል ድንገት ወደ ጥልቁ የሚወርድበትን ጠርዝ ፍለጋ ነው። እዚያ አካባቢ ቀዝቃዛና ምግብ የሞላበት ውሃ ከታች ይወጣል። ምግቡ ዓሣ ይስባል፣ ዓሣው ትሮለር ይስባል። ትሮለር ማለት ትልቅ መረብ ከኋላው የሚጎትት የዓሣ መርከብ ነው። ትሮለር ካለ ደግሞ ወፉ ይከተለዋል፤ የዓሣው አንጀትና ጭንቅላት ወደ ባሕር ይጣላላ። ስለዚህ አስጎብኚው በመነጽር የሚፈልጉት ወፍ ሳይሆን መርከብ ነው።

የመጀመሪያውን ትሮለር ስናገኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ከኋላው ይንጫጫሉ። ድንቢጥ የምታህለው የዊልሰን ስቶርም ፔትረል እግሯን ውሃው ላይ መታ መታ እያደረገች የምትራመድ ትመስላለች። በእንግሊዝኛ ስሙ «ዓይን አፋር» የተባለ አልባትሮስም አለ። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፤ የዓሣ አንጀት ላይ ሲሻማ ያየሁት ግን ዓይን አውጣ ነው። ባለ ጥቁር ቅንድቡ አልባትሮስ ከሁሉም ይበዛል። ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ከዓይኑ በላይ ያለችው ጥቁር መስመር ሁልጊዜ የተቆጣ ታስመስለዋለች። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚፈለፈሉት በደቡብ አትላንቲክ፣ ሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ላይ ነው። በዓመት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ መውለድ የሚጀምሩትም አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ትሮለሩ መረቡን የሚጎትተው ከኋላው ወደ ውሃው በሚወርዱ ሁለት ወፋፍራም የብረት ገመዶች ነው። መርከቡ በማዕበል ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ገመዱ ውሃውን እንደ ቢላ ይቆርጣል። አልባትሮስ ደግሞ ምግብ ሲሻማ ክንፉን ዘርግቶ ነው ውሃው ላይ የሚቀመጠው፤ ያን የሚያህል ክንፍ ቶሎ አይታጠፍም። ገመዱ ክንፉን ከያዘው ወደ ታች ይዞት ይሄዳል። አብዛኛው ሬሳ መርከቡ ላይ ስለማይወጣ፣ ስንት ወፍ በዚህ መንገድ እንደሚሞት ለረጅም ጊዜ ልብ ያለው አልነበረም።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። በገመዶቹ አጠገብ ደማቅ ቀለም ያላቸው ጭራዎች የተንጠለጠሉበት ሌላ ገመድ ከመርከቡ ኋላ ይዘረጋል። ጭራዎቹ በነፋስ ይርገበገባሉ፣ ወፉ ፈርቶ ይርቃል። ቶሪ ላይን ይሉታል፤ ቶሪ በጃፓንኛ ወፍ ማለት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አልባትሮስ ታስክ ፎርስ የሚባለው ቡድን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር መርከብ ላይ መሥራት ጀመረ። ሄክ የሚባለውን ዓሣ በሚያጠምዱት ትሮለሮች ላይ የአልባትሮስ ሞት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። ገመዱን መዘርጋት ዛሬ የማጥመድ ፈቃዳቸው ግዴታ ነው። ይህን ሁሉ አስጎብኚው ጠዋት ገና ሳንነሣ ነግረውናል።

እኔ ያየሁት ትሮለር ቶሪ ላይን አልነበረውም።

መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ሌንሴ ሩቁን የሚያቀርብ ባለ 400 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ሌንስ የሚታየው የወፍ ጭንቅላት ብቻ ነው። አንድ ባለ ጥቁር ቅንድብ ክንፉን ዘርግቶ ከሌላው ጋር ሲታገል እያነሣሁ ነበር። የብረቱ ገመድ ከላይ መጣና የክንፉ ክርን ላይ አረፈ። ክንፉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ገመዱ ላይ ተጠመጠመ። ጭንቅላቱ አንዴ ብቅ አለ፣ ከዚያ ወረደ። ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ማዕበሉ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አለፈ። አልወጣም። ያኔ ነው ቀና ብዬ የመርከቡን ኋላ ያየሁት። የሚርገበገብ ነገር የለም፤ ባዶ ነው።

አስጎብኚው ከፊት በኩል ሁለት ሰዎችን ደግፈው ይዘው ነበር። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ባልዲ ላይ ተደፍቷል። ሮጬ ስነግራቸው ጀልባችን ዞሮ ነበር። «እንግዲህ ያየኸው አንተ ነህ፣ የምታመለክተውም አንተ ነህ። ሰዓቱን ጻፍ» አሉኝ። የእጅ ሰዓቴን አየሁና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፦ 4:40።

የእጅ ሰዓቴ በእኛ አቆጣጠር ነው። ማለትም እነሱ 10:40 የሚሉት። ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ሰዓት ጠዋት 4:40 ነው፤ እጄ ሌላ አይጽፍም። ካሜራዬ በፈረንጅ አቆጣጠር ቢሆንም የአገር ቤት ሰዓት ላይ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ፎቶው ላይ 11:40 ይላል። ስልኬ ደግሞ ራሱን አስተካክሎ 10:40 ይላል፤ የሄድንበትን መንገድ በጂፒኤስ እየመዘገበ የነበረውም እሱ ነው። ሦስት ሰዓት ይዤ ነው ባሕር የገባሁት። ያኔ ግን አላወቅኩም።

ማታ ሆቴል ገብቼ፣ ንዴቴ ሳይበርድ የዓሣ መርከቦችን የሚቆጣጠረውን ቢሮ የአቤቱታ ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ ሰዓት ጠየቀኝ። 4:40 አልኩ። ኤ.ኤም ወይስ ፒ.ኤም ሲለኝ ኤ.ኤም አልኩ፤ ጠዋት አይደል! ቦታውን ከኬፕ ፖይንት ደቡብ ምዕራብ፣ 30 ማይል ገደማ ብዬ ጻፍኩ። ፎቶ አንድ ብቻ ነው የሚቀበለው። የመርከቡን ስም ሲለኝ ፎቶዎቼን ከፈትኩ። 31 ፎቶ። ሁሉም ወፍ ነው። ከአንዱ ጥግ ላይ ብቻ የመርከቡ ኋላ ዝገት ይታያል።

መልሱ በ19ኛው ቀን መጣ። በጨዋ እንግሊዝኛ፣ እርስዎ ባሉት ሰዓት ጀልባዎ ገና ወደብ ላይ ታስሮ ነበር ይላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 መሆኑ ነው በእኛ።

ሲገባኝ ፊቴ ቀላ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት በኢሜይል ይላኩ አለችኝ። የኢሜይሉ ግርጌ ላይ ለአስቸኳይ ጉዳይ በስልክ ይደውሉ ይላል። 19 ቀን ሙሉ ፋይሉን የያዘ ሰው አንድ መስመር ጽፎ «ሰዓቱ እርግጠኛ ነዎት?» ቢለኝ ምን ነበረበት? እሺ፣ ይሁን። በችኮላ ፎቶውን ከፈትኩ፣ 11:40 ይላል። ስልኬ ላይ 11:40 የነበርንበትን ቦታ ከነነጥቡ ገልብጬ ላክሁ። አሁንስ አገኘኋችሁ ብዬ።

ነገሩን የባሰ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። በ11:40 የነበርነው ሁለተኛው ትሮለር ጋ ነው። ያኛው ከመጀመሪያው ብዙ ማይል ይርቃል። ቢሮው የመርከቦችን መንገድ የሚከታተልበት መሣሪያ ስላለው በሰጠሁት ነጥብ መርከቡን ወዲያው አገኘው። በዚያ ሰዓት መረቡን እያወጣ ነበር አሉኝ። መረብ ሲወጣ ቶሪ ላይኑ ስለሚሰበሰብ ጥፋት የለበትም። ትክክል ናቸው። እኔም አስታወስኩት። ስንደርስ ብርቱካናማ ጭራዎቹ ገና ይርገበገቡ ነበር፤ ሠራተኞቹ ገመዱን ሲሰበስቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ሕጉን አክብሮ የሚሠራ መርከብ ከሰስኩ ማለት ነው።

ሦስተኛውን መልእክት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀመርኩ፣ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ። ትክክለኛው 10:40 ነው፣ ይቅርታ፣ እንዲህና እንዲህ ሆኖ ነው ብዬ የአገራችንን የሰዓት አቆጣጠር በአንድ ገጽ አስረዳሁ። መልሱ አጭር ነበር። ሦስት ጊዜ የተለያየ ሰዓት ሰጥተውናል፣ የመርከቡን ስም አልያዙም፣ መዝገቡ ተዘግቷል። በ10:40 እዚያ ቦታ ማን እንደነበረ መሣሪያቸው ላይ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አላዩም፣ ወይም አይተው አልነገሩኝም። ጥፋቱ ሰባ በመቶ የኔ ነው። ሠላሳውን ግን ለእነሱ አልምርም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከወደብ ሳንወጣ የመጀመሪያው ፎቶዬ የስልኬ ስክሪን ነው፤ ሰዓቱና ጂፒኤሱ በግልጽ እየታዩ። በኋላ የካሜራው ሰዓት ቢዛባ እንኳ ልዩነቱን ከዚያ ፎቶ አሰላዋለሁ። ማስታወሻ ላይ በእኛ አቆጣጠር አልጽፍም። ከበደኝ፣ ግን ለመድኩት። አንድ ነገር ካየሁ ወዲያው ካፒቴኑን መዝገብዎ ላይ ያስፍሩልኝ እላለሁ፤ የጀልባ መዝገብ ከእኔ ደብተር ይበልጥ ይታመናል። መርከቡ መረብ እየጎተተ ነው ወይስ እያወጣ የሚለውን እጽፋለሁ፣ ያለሱ አቤቱታው ዋጋ የለውም። የመርከቡን ስምና ቁጥር ደግሞ በስልክ አነሣለሁ፤ ለዚህ ትልቅ ሌንስ ጠላት ነው።

የአቤቱታ መመሪያቸው ያዩትን ወዲያውኑ ያሳውቁ ይላል። እኔ አታሳውቁ እላለሁ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ፎቶውን ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ እደሩበት፣ ጠዋት በበረደ አእምሮ ላኩ። ወፉ እንደሆነ ሞቷል።

ለሁለተኛው መርከብ ባለቤቶች በቢሮው በኩል የይቅርታ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ደርሷቸው ይሁን አይሁን አልነገሩኝም።

ያቺን የዝገት ፎቶ አልሰረዝኳትም። አንዳንድ ማታ አጉልቼ አያታለሁ። ከቀለሙ ሥር የሆነ ፊደል ያለ ይመስለኛል። ኤስ ነው። ወይም ስምንት።