ጋሼ የጠየቁኝ ፌሮ

ሳይታችን ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ነው። እኔ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ኮለኑና ሶሌታው (ምሰሶውና የፎቁ ወለል) አልቆ የብሎኬት ሥራ ጀምረናል።

አንድ ጠዋት ዋናው ግንበኛ ጠሩኝ። ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ ከኮለኑ ወጥቶ ግድግዳውን የሚይዘው ፌሮስ የታለ?» አሉኝ።

ፌሮው አልነበረም። ኮለኑ ሲሞላ መቀመጥ ነበረበት፣ እኔም ማየት ነበረብኝ። ኮለኑን እየበሱ ማስገባት ደግሞ ቀን ይበላል፣ አሠሪያችን በየቀኑ ይደውላል። «ጋሼ፣ ግድግዳው እኮ ሸክም የለበትም። ይቀጥሉ» አልኳቸው። ምንም ሳይመልሱ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ተላክሁ። መጋቢት 2017 ነው። አሠሪያችን እዚያ የተሰነጠቀ መጋዘን አለው፣ ለጥገናው ስንት እንደሚያስወጣ እንድገምት ነበር። ከሾፌራችን ጋር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስተን በፈጣን መንገዱ አዳማ ገባን። ቁርስ በልተን በወለንጪቲ በኩል ቀጠልን።

መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተኝቷል። ዳር ዳሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰ እሳት ነው። ሾፌሩ ወደ ተራራው እያየ «እህቴ፣ አሁንም ያው እሳት ነው?» አለኝ። እሳቱ አልወጣም። ነገር ግን ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ተራራ ባለው መሬት ሥር የቀለጠ ዓለት ምድሩን እየሰነጠቀ ሲገባ ነበር ምድሩ ወራት ሙሉ የተንቀጠቀጠው። የካቲት 7 ሌሊት 6 ነጥብ 0 የተለካው መንቀጥቀጥ ሲመጣ እኔ አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። አምፖሉ ሲወዛወዝ አይቼ ልጄን ታቅፌ ነው የወረድኩት። በፈንታሌ አካባቢ ያሉት ደግሞ ከዚያ በፊትም በብዙ ሺህ ከቤታቸው ወጥተው ነበር።

አዋሽ ገበያው ደርቷል፣ ሻይ ቤቱ ተከፍቷል፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። የመጋዘኑ ኮለኖች አንድም አልተነኩም። ብሎኬቱ ግን ከኮለኑ ተለይቶ በመሃል እጅ ያስገባል። አንዱ ጎን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ወድቋል። ከወደቀው ጫፍ ቆሜ ኮለኑን ዳሰስኩት፣ ልሙጥ ነው። አንድም ፌሮ አልወጣለትም።

ከጎን ያለችው እናት አሁንም ልጆቿን ግቢ ውስጥ ሸራ ዘርግታ ነው የምታሳድራቸው። ቤቷ ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም። «የልጆቹ መኝታ ላይ ነው ግድግዳው የተዘረገፈው፣ እነሱ ከእኔ ጋር ውጭ ስለነበሩ እንጂ» አለችኝ። መኝታውን አሳየችኝ። የብሎኬት ስባሪ አሁንም ጥግ ላይ ተከምሯል።

ሸክም የለበትም ያልኩት ግድግዳ ይኼው ነው። ሕንፃው ሲወዛወዝ ያልታሰረ ግድግዳ አብሮ አይሄድም፣ ይገነጠላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን የሕንፃ ኮድም ግድግዳው በኮለኑ ላይ እንዲታሰር ይላል። አውቀዋለሁ። ተፈትኜበታለሁ።

ስንመለስ ብዙ አላወራሁም። ሾፌሩም ሬዲዮውን ዘጋው።

ማታ ለአሠሪያችን ደወልኩ። «በማን ወጪ ነው የምታፈርሺው?» ብሎ ጮኸብኝ። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። የደረጃው ዙሪያ ግድግዳ ግን ሰው ሲሮጥ የሚወርድበት ስለሆነ ሳይታሰር አልፈርምም አልኩት። ሌላውን ኮለኑን እየበሳን ኤፖክሲ በሚባል ማጣበቂያ ፌሮ እንደምናስገባለት አስረዳሁት። ሁለት ጊዜ ስልኩን ዘጋብኝ። በሦስተኛው «እሺ፣ ከደረጃው ጀምሩ» አለ።

በማግስቱ ማለዳ ሳይት ስደርስ ጋሼ ቀድመውኛል። «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። እጄን ያዝ አደረጉኝ፣ ከዚያ መዶሻቸውን አነሱ። ብሎኬቱን ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ነቀሉ። ያልተሰበረውን ለብቻ ይደረድራሉ። እኔም ሄልሜቴን አድርጌ መቀበል ጀመርኩ።