አክስቴ የቆመችበት በር

ትናንት የአክስቴን ቁም ሳጥን ስናራግፍ ከድሮ የሠርግ ካሴቶች ሥር አገኘሁት። «ቡምታውን» የሚባለው የአሜሪካ የፖሊስ ድራማ የመጀመሪያው ምዕራፍ ዲቪዲ። የሣጥኑ ጠርዝ ተልጧል። ካገለገለ ዕቃ መሸጫ ስገዛው የተለጠፈበት ብጫ የዋጋ ወረቀት እንኳን አልተነሳም። አክስቴ አየት አድርጋው «የፖሊሶቹ ነው አይደል?» አለች። ዕቃ ማሸጉ እዚያ ላይ ቆመ።

አሜሪካ የገባሁት በ2002 ነው። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ለዚህ ታሪክ እሱ ይቀለኛል። ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ፣ አክስቴ ጋ መጣሁ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶቻችን ያሉበትን ሰፈር ከተማው «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመውም በዚያው ዓመት ነው። ቡምታውን ደግሞ ሴፕቴምበር 29 ጀመረ። ኤንቢሲ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ፣ እሁድ ማታ፣ በእኛ አራት ሰዓት። አክስቴ «ቁጭ በይና ስሚ፣ ጆሮሽ ይላመዳል» ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

እኔ የማውቀው የፖሊስ ፊልም ሌላ ነበር። ሌባው ይሮጣል፣ ፖሊሱ ያሳድዳል፣ ይያዛል፣ አለቀ። ይሄ እንደዚያ አይደለም። አንድ ወንጀል ይፈጸማል። ስክሪኑ ላይ የአንድ ሰው ስም ብቅ ይላል፣ ነገሩን በእሱ ዓይን እናያለን። ከዚያ የሌላ ሰው ስም ይመጣል። ያው ሰዓት፣ ያው መንገድ፣ ግን ሌላ ታሪክ። መርማሪው አለ፣ ዩኒፎርም ለባሹ ፖሊስ አለ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጋዜጠኛዋ፣ የአምቡላንስ ሠራተኛዋ፣ አንዳንዴም ተጠርጣሪው ራሱ። መጀመሪያ ላይ ከሩቅ የሰማነው ድምፅ በሌላው ሰው ታሪክ ውስጥ ጆሯችን ሥር ይመጣል። እንግሊዝኛዬ ገና ደካማ ስለነበር ይሄ በጣም ረዳኝ። አንዴ ያመለጠኝ ነገር ሲደገም ይገባኛል።

ሰዎቹም ሰው ነበሩ። ዶኒ ዋልበርግ የሚጫወተው መርማሪ ጆኤል ቤቱ ሲገባ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ የተረፈች ሚስት ትጠብቀዋለች። ባልደረባው «ፊርለስ» የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዘማች ነው። ከመሞቱ በፊት ሊያደርጋቸው የሚፈልጋቸውን ነገሮች በዝርዝር ይዟል። ከሁሉም በላይ ግን ኒል ማክዶናው የሚጫወተው ዐቃቤ ሕግ፣ ማክኖሪስ። ፍርድ ቤት ሲቆም አፉ የሚያስፈራ፣ ውጭ ግን ጠጪ፣ ሚስት እያለው ከጋዜጠኛዋ ጋር የሚሄድ። እኔ አልወደውም ነበር። አክስቴ ግን «ይሄ ልጅ ክፉ አይደለም፣ መጠጥ ነው የያዘው» ትላለች። አንድም ቀን ሐሳቧን አልለወጠችም።

ትንሽ ቆይቶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሂሳብ ተቀባይነት ሥራ አገኘሁ። የማታ ሺፍት። እሁድ ማታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቡምታውንን የማውቀው በአክስቴ አፍ ሆነ። ጠዋት ስገባ እንጀራ በሻይ እየበላን ትተርክልኛለች። አንድ ቀን ማክኖሪስ ሰክሮ ያደረውን ሌሊት ነገረችኝ። ሲነቃ ምንም አያስታውስም፣ ሰው ገጭቶ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል። አክስቴ ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምስኪን፣ ለራሱ እንኳን መመስከር አቃተው» አለችኝ።

ዲቪዲው በ2004 ሲወጣ አዲሱን የመግዛት አቅም አልነበረኝም። ያገለገለውን ያገኘሁት በዓመቱ ነው። አሥራ ስምንቱንም ክፍል በአንድ ሳምንት ጨረስኩ። እና ገረመኝ! አክስቴ ከነገረችኝ ጋር አይገጥምም። ያችን የማክኖሪስን ሌሊት ሳያት እኔ የታየኝ ስለተገጨው ሰው ነው። አክስቴ ስለ እሱ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ዋሽታኝ አይደለም። እሷ ያየችው ማክኖሪስን ነው። ወንድሟ በመጠጥ ምክንያት እንደሞተ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ድራማው ብዙ አልቆየም። ለመጀመሪያው ዓመቱ ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ሥራዎች የሚሰጠውን ትልቁን የፒቦዲ ሽልማት አግኝቷል፣ የሚያየው ሰው ግን አነሰ። በሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ዓርብ ማታ አዛወሩት። የየሰው ዓይን የሚባለውንም ነገር ቀነሱት፣ እንደ ሌላው የፖሊስ ድራማ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ተመልካቹን ግራ ያጋባል ተብሎ የተነሳው እኮ የድራማው ነፍስ ነው! እንግሊዝኛ በቅጡ የማትሰማ የማታ ሠራተኛ ገብቷት ነበር። በ2003 መኸር ሁለት ክፍል ታየና ተቋረጠ። የቀሩትን አራቱን በዲሴምበር መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ በዓል ላይ ሳለ አሳይተው ዘጉት። ሁለተኛው ምዕራፍ በዲቪዲም አልወጣም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለእኔ ቡምታውን ማለት ይሄ ሣጥን ነው።

ማጫወቻ ከጎረቤት ተዋስን። አክስቴ ጋቢዋን ደርባ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ከፍ አደረግኩላት። ሁለተኛው ዲስክ ጭረት አለው፣ አንድ ቦታ ላይ ምስሉ ቆሞ ቀረ። ፊርለስ አፉን ከፍቶ፣ እጁን አንሥቶ። አውጥቼ በቀሚሴ ጫፍ ስጠርገው አክስቴ ድንገት «የመጣሽ ቀን የተቀየምሽኝን ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

አስታውሳለሁ። ኤርፖርት ሁለት ሰዓት ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። ስልክ መደወያ ሳንቲም አልነበረኝም። ረስታኛለች ብዬ አልቅሻለሁ። ስትመጣ ምንም አላልኳት፣ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። በኋላም ስንጋጭ ትዝ ይለኛል። ይሄን ያህል ዘመን አንዴም አንሥተነው አናውቅም።

«እኔ እኮ ካንቺ በፊት ደርሻለሁ» አለች። ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው የሚወጣው በቶም ብራድሊ ተርሚናል ነው ብለው ነግረዋት፣ እዚያ በር ላይ ቆማለች። እኔ ግን ፍተሻውን ዋሽንግተን ጨርሼ፣ በአገር ውስጥ በረራ በሌላ ተርሚናል ነው የወጣሁት። «ከዚያ በር ንቅንቅ አላልኩም። አንድ ሐበሻ በወጣ ቁጥር ልቤ ዘለለ። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ምን ሆና ይሆን ብዬ እግሬ ከዳኝ። ሻይ በፔርሙስ ይዤልሽ ነበር።»

ሻይ ሰምቼ አላውቅም። መኪና ውስጥ ፔርሙስ አላየሁም።

«ታዲያ ለምን አልሰጠሽኝም?» አልኳት።

«ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ ነበራ። ምን ብዬ ልስጥሽ?»

ዲስኩን መለስኩት። አሁንም እዚያችው ቦታ ላይ ቆመ። አክስቴ ወደሚቀጥለው እንድዘል በእጇ አመለከተችኝ። እኔ ግን አውጥቼ እንደገና ጠረግኩት።