የልማት ማስተርስ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ

ኢንተርናሽናል ዴቨሎፕመንት ልማር ነው ስላቸው አጎቴ «ልማት ደግሞ ይማሩታል እንዴ? ይሠሩታል እንጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ቆይቼ ነው ወደ እንግሊዝ አገር ለአንድ ዓመት ማስተርስ የሄድኩት። አሁን ማመልከት የሚፈልጉ ልጆች ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልጻፍላቸው።

ከስኮላርሺፑ ልጀምር። እኔ የሄድኩት በቺቭኒንግ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ሲጨርሱ አገር ቤት ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድም (DAAD) ለልማት ነክ ማስተርሶች ስኮላርሺፕ አለው። እሱም የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ወረዳ ላይ የሠራችሁ ሰዎች «እኛ ምን አለን» አትበሉ። ማመልከቻው ላይ ስለ አመራር ጻፉ ሲሉኝ የጻፍኩት የተፋሰስ ሥራ ላይ የግጦሽ መሬቱ ይከለል አይከለል ተብሎ የተነሣውን ጭቅጭቅ ነበር። ትልልቅ ቃላት አላስፈለጉኝም።

ትምህርቱ ሰፊ ነው። ከኢኮኖሚክስ ትንሽ፣ ከፖለቲካ ትንሽ፣ ከአንትሮፖሎጂ ትንሽ። ደስ ይላል፣ ግን ከሁሉም ቀማምሶ ባዶ እጅ መመለስም አለ። ከምርጫ ኮርሶቻችሁ አንዱ የዳታ ትንተና ይሁን። ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መጀመሪያ ላይ ነፍስ ያወጣል፤ ቻሉት።

ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ የገባኝ እንግሊዛዊው የልማት ተመራማሪ ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ «የገጠር ልማት ቱሪዝም» የጻፈው ነው። ከከተማ የሚመጣ ባለሙያ ገጠሩን የሚያየው ከአስፋልት ሳይርቅ፣ በበጋ፣ ፕሮጀክት ባለበት ቦታ፣ ወንዶችንና ደህና ኑሮ ያላቸውን አናግሮ ነው ይላል። ሳነበው ሳቄ መጣ። የእኛን መንገድ ያየ ነው የሚመስለው። ላንድክሩዘሩ ጥር ላይ ከደጀን ሽቅብ ይወጣል፣ ደብረ ማርቆስ ያድራል፣ መራዊ ላይ ወረድ ብሎ የቆጋን መስኖ ያያል፣ ባሕር ዳር ገብቶ ሪፖርት ይጽፋል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቆላ ቀበሌ ሪፖርቱ ውስጥ የለም።

እንግሊዝ አገር የክፍል ትምህርቱ ግንቦት አካባቢ ያልቃል። ከዚያ እስከ ጳጉሜን ገደማ መመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ ከ180 ክሬዲት 60ው የእሱ ነው። ጊዜው ከጎጃም ክረምት ጋር ይገጥማል። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ላይብረሪ ቁጭ ብለው በተዘጋጀ ዳታ ሠሩ። እኔ ቦቲ ገዝቼ ቆላ ወረድኩ።

ያጠናሁት መሬት የሌላቸውን ወጣት ቤተሰቦች የምግብ ዋስትና ነው። በእኛ አካባቢ መሬት ለመጨረሻ ጊዜ የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ያልደረሰ ልጅ ዛሬ ወይ ከአባቱ ይካፈላል፣ ወይ የሰው መሬት የእኩል ያርሳል። ጎተራ የሚሟጠጠው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጊዜው ተስማምቶኛል ብዬ ስደርስ ወጣቶቹ የሉም። ሰሊጥ ሊያርሙ መተማና ሁመራ ወርደዋል (ይህ ከጦርነቱ በፊት ነው)። ሚስቶቻቸውን አናገርኩ። ጥናቱን ያዳነው ይኼ ይመስለኛል፤ ባል ቤት ቢኖር ኖሮ መላሹ እሱ ነበር። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት «ምግብ ያጠረው ስንት ቀን ነው?» ስላት «አያ፣ የጎደለውን ማን ይቆጥራል? የሞላውን ይጠይቁኝ» አለችኝ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ጾም። የምግብ ፍጆታ ነጥብ የሚባለው መለኪያ ያለፉትን 7 ቀናት ይጠይቃል። ሥጋና ወተት 4፣ ጥራጥሬ 3፣ እህል 2፣ አትክልት 1 ነጥብ ይይዛሉ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ሲገባ ሥጋና ወተቱ ዜሮ ይሆናል። ሁለት ላም የምታልበዋ ሴትዮና ጥጃ እንኳ የሌላት ጎረቤቷ እኩል ደሃ ሆነው ይወጣሉ። አማካሪዬ ይህን ሰምተው አያውቁም። የጾሙን ካላንደር ሠንጠረዥ አድርጌ ላክሁላቸው፤ ምዕራፍ አድርገው አሉኝ። የሰኔ ጾም ከተፈታበት ከሐምሌ 5 እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ጊዜ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው ጾሙ። መጠይቁን እዚያ ውስጥ ጨረስኩ።

ቀኑንም ምረጡ። በሐምሌ ገበሬ ሞፈር ጨብጦ ቆሞ አያወራችሁም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ብትሄዱ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ደጁ ላይ ነው። ከቀበሌ ሊቀ መንበር ጋር አትዙሩ፤ መልሱ ሁሉ ወይ ለእርዳታ ወይ ለግብር ተብሎ ይመጣል። «የወር ገቢ» የሚል ጥያቄም ሰርዙ፤ በቁናና በዳውላ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው የስምምነት ፊርማ ሲጠይቅ በቃል ይሁንልኝ ብላችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ፈርሙ የተባለ ሰው የማዳበሪያ ዕዳ ነው የሚመስለው።

ተመልሼ ሥራ ስፈልግ ስለ ቻምበርስ የጠየቀኝ የለም። የጠየቁኝ ስታታና ሎግፍሬም (የፕሮጀክት ዕቅድ ሠንጠረዥ) ነው። የተቀጠርኩበት ድርጅት ቤዝላይን ሰርቬዩን፣ ማለትም ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት የሚሠራውን የመነሻ ጥናት፣ መጋቢት ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ሁዳዴ መሀል። ጥቅምት ይሁን አልኩ። በጀቱ ይቃጠላል ተብሎ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ጥናቱ ጥቅምት ላይ ተሠራ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ስለነበር ግማሹን በበቅሎ ሄድን።