ሁለት ዝግ በሮች
የፊዚዮሎጂ ፈተና ላይ የመጣው ጥያቄ አጭር ነበር፦ ደም ውስጥ ፖታሲየም በጣም ሲበዛ ጡንቻ ለምን ይዝላል? ፖታሲየሙ የህዋሱን ቮልቴጅ ወደ መተኮሻው ነጥብ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት ወደሚያወጣበት ደረጃ፣ እንደሚያስጠጋው አውቃለሁ። ስለዚህ ጡንቻው ይበልጥ መነቃቃት አለበት ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ አገኘሁ። በጣም ነበር የከነከነኝ።

መጽሐፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ሶዲየም ቻናል፣ ማለትም ህዋሱ ሽፋን ላይ ያለው የሶዲየም መግቢያ በር፣ ሦስት ሁኔታ አለው ይላል፦ ዝግ፣ ክፍት፣ ኢንአክቲቬትድ (ለጊዜው ከሥራ ውጭ የሆነ)። ሁልጊዜ አንደኛውንና ሦስተኛውን አንድ አድርጌ ነበር የማልፈው። ሁለቱም ሶዲየም አያሳልፉማ!

የገባኝ አራት ኪሎ፣ ማታ፣ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። አንድ ሚኒባስ ሞልቶ በሩን ዘግቶ አለፈ። ሰው ቢጮህም ቢጠራም አልቆመም። ሌላው ተራው ላይ ባዶውን ቆሟል፤ የእሱም በር ዝግ ነው። ረዳቱ መጥቶ ሲከፍተው ግን በቅጽበት ሞላ። ሁለቱም በራቸው ዝግ ነበር፤ ሲጠሩት የሚከፍተው ግን አንዱ ብቻ ነው። የሞላውም ዳግም የሚከፍተው ተራው ላይ ሲመለስ ነው። እዚያው ቆሜ ደብተሬን አወጣሁ።

ቻናሉ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ አራት ክፍሎች አሉ። የነርቭ ህዋስ በእረፍት ጊዜ -70 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ወደ -55 ሲጠጋ እነዚህ ክፍሎች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በሩ ይከፈታል፤ ሶዲየም ይገባል። አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ሳይሞላ ደግሞ ከውስጥ በኩል ያለች አጭር ማያያዣ መጥታ ቀዳዳውን ትወትፈዋለች። ከፋቹም ወታፊውም ያው የቮልቴጅ ለውጥ ነው፤ ልዩነታቸው ፍጥነት ነው። ውታፉ የሚነሳው ቮልቴጁ ወደ እረፍቱ ሲመለስ ብቻ ነው። ፖታሲየም ሲበዛ ይህ መመለስ ይቀራል። ቻናሎቹ ተወትፈው ይቆያሉ፤ ጡንቻው ቢታዘዝም አይተኩስም።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ታክሲውን የሚሞላው ተሳፋሪ ነው፤ ቻናሉን የሚወትፈው ግን ሶዲየሙ ሳይሆን የራሱ አካል ነው። ይህን ሳልናገር ለማንም አላስረዳም።

በኋላ ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1952 ስኩዊድ የተባለውን የባህር እንስሳ ትልቅ ነርቭ ተጠቅመው ያወጡትን ስሌት አየሁ። ቻናሉን ማንም ሳያየው፣ መክፈቻውንና መወተፊያውን ለየብቻ ነው ያሰሉት። ከዚህ ብጀምር ኖሮ ስንት ሌሊት ይተርፈኝ ነበር! አሁን ለታናናሾቼ ሳስጠና የማስቀድመው ይህንን ነው። ‘ዝግ ነው’ ሲሉኝ ‘ቢጠሩት ይከፍታል?’ ብዬ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዷ፣ ‘ጥርስ ሲነቀል የሚወጉን ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይንስ?’ አለችኝ። ‘አንቺ ምን ይመስልሻል?’ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ‘የሞሉት ታክሲዎች ቶሎ ወደ ተራቸው እንዳይመለሱ ይይዛቸዋል’ አለች።