በቦረና የወሊድ ታሪክን እንዴት እንደመዘገብኩ

መዝገቡን የጀመርኩት ከባሎች ሳይሆን ከጎጆዎች ነው። ቦረና ውስጥ እያንዳንዷ ሚስት የራሷ ቤትና የምታልባቸው ላሞች አሏት፤ ሁለት ሚስት ያለውን ሰው እንደ አንድ ቤተሰብ መመዝገብ የሁለቱን ሴቶች ወሊድ ያደባልቃል። ስለዚህ የኦላውን፣ ማለትም የሰፈሩን፣ ጎጆዎች በሙሉ ወረቀት ላይ ነድፌ ቁጥር ከሰጠሁ በኋላ ነው ወደ ጥያቄ የገባሁት።

«ስንት ወለድሽ?» ብሎ መጀመር አያዋጣም። ልጅንም ከብትንም በቁጥር መናገር የሚከብዳቸው አሉ፤ ቢናገሩም የሞቱት ይቀራሉ። ከጋብቻው ተነስቶ የመጀመሪያው እርግዝና ምን ሆነ፣ ቀጥሎስ እያሉ አንድ በአንድ መውረድ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ልጅ፦ በሕይወት አለ? ካለ የት ያድራል? ከሞተ በስንት ጊዜው? በሁለት ወሊዶች መካከል ከሦስት ዓመት በላይ ክፍተት ካየሁ ተመልሼ የጨነገፈ፣ ወይም ስም ሳይወጣለት ያለፈ እንደነበር እጠይቃለሁ። «የት ያድራል» የምትለዋ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ጎረምሶች የማይታለቡትን ከብቶች ይዘው ፎራ፣ ማለትም ከሰፈሩ ርቆ ወዳለ ግጦሽ፣ ስለሚወጡ፣ ያን ሌሊት ጎጆው ያደረውን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ወንዶቹን ይጥላቸዋል፤ የፆታ ምጣኔውም ይዛባል። ለዘመድ የተሰጠ ልጅ ደግሞ በሁለት ቤት ይቆጠራል።

ዕድሜን በዓመት ብትጠይቅ መልሱ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይከመራል። እዚህ የተሻለ መለኪያ አለ፦ የገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፣ ዘመኑም በአባ ገዳው ስም ይጠራል። ጉዮ ጎባ እስከ 2009 ዓ.ም.፣ ከዚያ ኩራ ጃርሶ እስከ 2017። ልጁ በማን ዘመን እንደተወለደ ከታወቀ ቀሪው በድርቅና በዝናብ ማጥበብ ነው፤ ከ2003ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? የበልጉ ዝናብ ጥሎ ነበር?

አባትነት ላይ የደም አባቱን አልጠይቅም። መጠየቁ ተገቢ አይደለም፣ ለጥናቱም አይጠቅምም፤ ልጅ የሚቆጠረው ለባል ነው። ቅጹ ላይ ልጁ በስሙ የሚጠራበትን አባትና የሚያሳድገውን ሰው በተለያየ ዓምድ እጽፋለሁ። በኑዌር ዘንድ ለሞተ ሰው እንኳ ዘመዱ በስሙ ሚስት ያገባለታል፣ የምትወልዳቸውም የሟቹ ልጆች ናቸው። መረጃ የሚያጣራ ፕሮግራም ከባል ሞት በኋላ የመጣን ወሊድ እንደ ስህተት እንዳይሰርዝ ይህ ማጣሪያ አስቀድሞ መዘጋት አለበት።

ጠያቂዋ ሴት ትሁን፤ ሰዓቱም የጠዋቱ አለባ አልቆ ከብቱ ከተሰማራ በኋላ። አማት አጠገብ ከተቀመጡ ስለ ውርጃና ስለ ወሊድ መከላከያ እውነተኛ መልስ አይገኝም፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ባልደረባ ራቅ ብሎ የዘር ሐረጉን ከእሳቸው ይመዝግብ።