ሦስት ሳንቲ ሜትር ግድግዳ

ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ወዲህ ግን ክፍሉ ጨልሟል፤ በዚህ ብርሃን ቀለም መደባለቅ ልፋት ብቻ ነው። አምፖል ሥር ነጭ የመሰለው ጠዋት ቢጫ ሆኖ ይገኛል፣ ሰማያዊውም አመድ ይመስላል። ብሩሾቹን አጥቤ ተቀመጥኩ። ስለ ነሐሴ ግራጫ ልጽፍ ነበር፤ ከሥሩ አረንጓዴ ስላለበት፣ ነጭና ጥቁር ስለማይወልዱት ግራጫ። ሰማያዊን ከቡናማ አፈር ቀለም ጋር አገናኝቶ ጥቂት ቢጫ ጠብ ማድረግ ይፈልጋል።

አብረው አንድ ሥዕል የሚሆኑት ሦስቱ ሸራዎች ፊት ለፊቴ ናቸው። እያንዳንዳቸው 80 በ120 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው 120። በመካከላቸው 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ስላለ ዳር እስከ ዳር 246 ይሆናል። ዓይኔ ቀለሙን አልፎ እነዚያ ሁለት ቀጫጭን የግድግዳ ዘንጎች ላይ አረፈ፤ ከዚያም አልነሳም አለ።

ክፍተቱ የሚበላሸው ቀለም ከመነካቱ በፊት፣ አናጢው ቤት ነው። ፍሬም ማዕዘኑን መጠበቁ በዓይን አይታወቅም፤ ሁለቱን ሰያፎች ከጥግ እስከ ጥግ መለካት ያስፈልጋል። ለ80 በ120 ሁለቱም 144.2 መምጣት አለባቸው። አንዱ ከሌላው በ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ፍሬሙ ተንጋዷል። ብቻውን ቢሰቀል ማንም አያስተውለውም፤ ከጎኑ ቀጥ ያለ ሲቆም ግን ክፍተቱ ከላይ 3፣ ከታች 3 ተኩል ገደማ ሆኖ ሽብልቅ ይመስላል። ሌላው ችግር ሆድ ነው። ጨርቁ ሲወጠር ረጅሙን እንጨት ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በ120 ቁመት መሃል ላይ አግዳሚ ድጋፍ ካልገባ ክፍተቱ ወገቡ ላይ ይሰፋል። በደንብ ባልደረቀ ባህር ዛፍ ከተሠራ ደግሞ ይጠማዘዝና አንዱ ጥግ ከግድግዳው ይነሳል። ያንን የሚያቃና ምንም መላ አላውቅም፤ ፈቶ በደረቀ እንጨት እንደገና መሥራት ነው።

ከቀለሙ ሥር የሚቀባው መደብም እንደዚሁ። አቡጀዲው ላይ መጀመሪያ ቪናቪል፣ ያ ነጩ የእንጨት ሙጫ፣ በአራት እጥፍ ውሃ ቀጥኖ ይቀባል። ከዚያ ነጩ መደብ ሦስት ጊዜ፣ አንዴ ወደ ቁመት አንዴ ወደ ጎን፣ በየመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት እየተፈተገ። ለአንድ ነጠላ ሥዕል ሁለቴ ቢበቃም ችግር የለውም። እዚህ ግን አንዱ ሸራ ሁለቴ፣ ሌሎቹ ሦስቴ ከተቀቡ ያው አንድ ቀለም በአንዱ ላይ ይጠጣና ይደበዝዛል፣ በሌላው ላይ ያብረቀርቃል፤ ተመልካቹ ሦስት ወንድማማቾች መካከል አንድ እንግዳ ያያል።

ቀለሙን በተመለከተ አቋሜ የጸና ነው፦ ሦስቱን የሚያገናኘው ዋና ቀለም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቆርቆሮ መደባለቅ አለበት። የሦስቱ ስፋት በድምሩ 2.88 ካሬ ሜትር ነው፤ ሁለቴ ለመቀባት 700 ሚሊ ሊትር አዘጋጅቼ 100 ያህሉን ክዳን ባለው ዕቃ ለጥገና አስቀምጫለሁ። አክሪሊክ እርጥብ ሳለ ፈዘዝ ይላል፤ ማያያዣው እንደ ወተት ነጭ ነውና። ሲደርቅ ይጠራል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ካለቀ በኋላ እርጥቡን ከደረቀው ጋር እያስተያዩ ሁለተኛ ዙር መደባለቅ የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ከራሱ ከቆርቆሮው በቁራጭ ጨርቅ ላይ ቀብቶ፣ አድርቆ ማስተያየት ብቻ ነው የሚታመነው፤ በክረምት ደግሞ ማድረቁ ትዕግሥት ይፈታተናል።

እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው። የማይለቀኝ ያ ከግራው ሸራ ተነሥቶ ወደ ቀኙ የሚወጣው ሰያፍ መስመር ነው። ሸራዎቹን አጣብቄ ብሥለው ምንም አይጠፋም፤ ስሰቅላቸውና 3 ሳንቲ ሜትር ሲለያዩ ግን መስመሩ ይሰበራል። በ45 ዲግሪ ከሆነ ከሚገባው 3 ሳንቲ ሜትር ይስታል፣ በ30 ዲግሪ 1.7። በመካከላቸው 3 ሳንቲ ሜትር ጣውላ አስገብቼ ብሥለው ደግሞ መስመሩ በማስመሪያ ቀጥ ይላል፤ ግን በክፍተቱ ላይ ማለፍ የነበረበት ቁራጭ የለም። ቀጥ ብሎም ዓይን አይቀበለውም፤ በፖገንዶርፍ ስም የሚጠራው የዓይን ስሕተት ነው። ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ከክፍተቱ ማዶ ከፍ ብሎ የጀመረ ይመስላል፣ ዳገቱ በበረታ ቁጥርም ይብሳል። ስለዚህ በቀኙ ሸራ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጌዋለሁ። አሁን ለማስመሪያ ጠማማ፣ ለዓይን ቀጥ ነው። ትክክለኛው የትኛው ነው?

ክፍተቱ ራሱ ቀለም እንዳለውም ያወቅሁት በዚሁ ሥራ ነው። የፍሬሙ ውፍረት 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠርዙን በቀዩ ቀለም ስቀጥለው ነጩ ግድግዳ ላይ ሮዝ ወጋገን ጣለ። ያምራል፤ ግን እኔ አልሣልኩትም፣ መብራቱ ሲዘዋወርም ይጠፋል። ጠርዞቹን መልሼ ነጭ ቀባኋቸው።

የእኛ የጥንት ሠዓሊዎች ክፍተት ነበራቸው፤ ግን ሥራ ነበረው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሠዓሊው ፍሬ ጽዮን እጅና በዙሪያው ከተሠሩት ሥዕላት ታጣፊዎቹ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ናቸው፤ ሰሌዳዎቹ ጠርዛቸው ተበስቶ በገመድ ይያያዛሉ። ክንፎቹ ሲታጠፉ የመካከለኛውን ሥዕል ይሸፍናሉ፣ ከጭስና ከእጅ ይጠብቁታል፣ ለጉዞም ይመቻሉ። እዚያ ክፍተት ማለት መታጠፊያ ነው። ሰሌዳዎቹን የሚለያየው ያው ገመድ አንድ ላይ ይዟቸዋል። የእኔን ሦስቱን የያዛቸው ምንድን ነው? እያንዳንዱ በሁለት ቡሎን ለየብቻው ተንጠልጥሏል፣ በውሃ ልክ ተስተካክሏል፤ አንዱ ቢወርድ ሌላው አይነቃነቅም።

አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2012 እ.ኤ.አ. «ሞጋማ»ን በአራት ክፍል ሠራች፤ የእያንዳንዱ ቁመት አራት ሜትር ተኩል ያልፋል። ርእሱ ካይሮ ታህሪር አደባባይ ያለው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የነበሩበት ሕንፃ ስም ነው። አራቱ ዛሬ አንድ ቦታ አይደሉም፤ በተለያዩ ሙዚየሞች ተከፋፍለዋል። በእነሱ መካከል ያለው ክፍተት አሁን ውቅያኖስ ነው፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ግን ሙሉ ሥዕል አየሁ ብሎ ነው የሚሄደው። አይዋሽምም።

ዝናቡ መቼ እንዳቆመ አላስተዋልኩም። ሸራዎቹን አዙሬ ጀርባቸው ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀምሬያለሁ፦ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት፣ ዓመተ ምሕረት፣ ቁጥር። ግራው 1 ከ3፣ ቀኙ 3 ከ3 ተባለ። መካከለኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። 2 ከ3 ብዬ ከጻፍኩ ብቻውን በሄደበት ቤት ሁሉ ጎዶሎ ሆኖ ይኖራል። ካልጻፍኩ ደግሞ ያ ሰያፍ መስመር ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አይኖርም። ታዲያ ምን ልጻፍበት?