ደም የሚደርቅበት ዋጋ

ሰሞኑን ማታ ማታ ስለ ጥንት ጀርመናዊ ነገዶች እያነበብኩ ነው። ስለ እነሱ ሲወራ ሁሌም ጦርነቱ ይቀድማል። ከመሪዎቻቸው አንዱ አርሚኒየስ እ.ኤ.አ. በ9 በቶይቶቡርግ ጫካ ሦስት ሌጌዎኖችን፣ ማለትም የሮማ ክፍለ ጦሮችን ደመሰሰ፤ በእነሱ ዘንድ አለቃው ወድቆ እሱ በሕይወት ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ዕድሜ ልኩን ውርደት ነው። እኔን ግን ልቤን የያዘው ሌላ ነው። ደም የሚያደርቁበት መንገድ።

ሮማዊው ታሲተስ እ.ኤ.አ. በ98 ገደማ ስለ እነዚህ ነገዶች ጽፏል። ልጅ የአባቱን ወዳጆች ብቻ ሳይሆን ደመኞቹንም ይወርሳል ይላል። ቂሙ ግን ማብቂያ አለው። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ የተወሰነ ከብትና በግ ከፍሎ ይታረቃል። ካሳውን የሚቀበለው ደግሞ መላው ቤተሰብ ነው። ይቺ ነገር ትልቅ ብልሃት አለባት። ሁሉም ከተቀበለ፣ ነገ ተነስቶ «እኔ መቼ ታረቅሁ?» የሚል የአጎት ልጅ አይኖርም።

ለእኛ ይሄ እንግዳ አይደለም። ኦሮሞው ጉማ ይከፍላል፤ በአማራው ገጠርም ሽማግሌና ካህን መሃል ገብተው ካሳ ያስከፍላሉ። ለዚህ ይሆናል ሳነበው የማውቀው ሰፈር የገባሁ የመሰለኝ።

ኋላ ላይ ልማዱ ተጻፈ። ከእነዚሁ ነገዶች ወገን የሆነው፣ በእንግሊዝ ምድር የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት በ600 አካባቢ ያወጣው ሕግ እስከ ጥርስና ጥፍር ይወርዳል። የፊት ጥርስ 6 ሺሊንግ፣ አውራ ጣት 20፣ የአውራ ጣት ጥፍር 3። የአንድ ነፃ ሰው ነፍስ 100 ነበርና አውራ ጣት ብቻውን የሰው አንድ አምስተኛ ነው። ይገባኛል፤ ያለ እሱ ሞፈርም ጦርም አይያዝም።

በንጉሥ ክሎቪስ ዘመን፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈው፣ የጀርመናዊው ነገድ የፍራንኮች ሕግ ላይ ስደርስ ግን አዘንኩ። የነፃ ፍራንክ ደም 200 ሶሊዱስ (የወርቅ ሳንቲም)፣ የንጉሡ ባለሟል 600፣ መሬት ያለው ሮማዊ 100። ባሪያ ከተገደለ ካሳው ለጌታው ነው። እናቱ ብታለቅስም ከቁጥር አትገባም። ይሄን በዘመኑ ልማድ ነው ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

እዚያው ሕግ ውስጥ ግን ከአእምሮዬ የማይወጣ ነገር አለ። ገዳዩ ካሳውን መክፈል ሲያቅተው፣ ከምድር በላይም በታችም የቀረው ንብረት እንደሌለ ከ12 ሰዎች ጋር ይምላል። ከዚያ ቤቱ ይገባል። ከአራቱም ማዕዘን አፈር ይዘግናል። ደፍ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ፣ በግራ እጁ አፈሩን በትከሻው ላይ አሳልፎ የቅርብ ዘመዱ ላይ ይበትነዋል። ቀጥሎ በሸሚዝ ብቻ፣ ሳይታጠቅ፣ በባዶ እግሩ፣ እንጨት ይዞ አጥሩን ዘሎ ይወጣል። ቤቱም ዕዳውም ወደ ዘመድ ተሻገረ ማለት ነው። አፈሩ ያረፈበት ዘመድ ድሃ ከሆነ፣ እሱም በተራው የተሻለ ያለው ላይ ይበትናል።

ዘመድም ካልቻለ ሰውየውን አራት ጊዜ ሸንጎ ፊት ያቀርቡታል። የሚቤዠው ከጠፋ በነፍሱ ይከፍላል። እኔ ግን አራት ጊዜ የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ሊገድሉት አልቸኮሉም። አንድ ሰው እንኳ ልቡ ራርቶ እጁን ወደ ኪሱ እንዲሰድ አራት ጊዜ ጠበቁ።